የአንድ ጥንድ ጫማ የአካባቢ ተፅዕኖ እንዴት ይለካል?

መርካቶ ሸራ ተራ የሚሠራ ጫማ አምራች ከውጭ አገር ገዢ «የምርትዎ የአካባቢ ተፅዕኖ ስንት ነው?» የሚል መጠይቅ ቢደርሰው አማካሪ ፍለጋ መሮጥ የለበትም። ለመጀመሪያው ልኬት ሚዛን፣ ደብተርና የአንድ ወር ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ የሚለካውን ነገር ይወስኑ፤ አንድ ጥንድ ጫማ ይሁን። በወሩ የተቃጠለው፣ የተጣለውና የተጓጓዘው ሁሉ በወሩ ለተመረተው ጥንድ ይካፈላል። እንዲህ ካልሆነ ገበያ የቀዘቀዘበት ወር ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ቀጥሎ ናፍጣውን ይቁጠሩ። አንድ ሊትር ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር በወር 40 ሊትር ከጨረሰ ልቀቱ 108 ኪሎ ግራም ነው፤ 600 ጥንድ ከተመረተ ለአንዱ 180 ግራም ይደርሰዋል። የቆጣሪውን ንባብ ለብቻው ይመዝግቡ። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ ድንጋይ ከሰል ለሚያነድ አገር የወጣን ማባዣ (የቆጣሪውን ንባብ ወደ ልቀት የሚቀይረውን ቁጥር) ገልብጦ መጠቀም ባልሠሩት ጥፋት ራስን መክሰስ ነው።

ከዚያ ወለሉን ይመልከቱ። ማታ ከመጠረጉ በፊት የቆዳውን ቁርጥራጭ ከክርና ከማስቲሽ ቆርቆሮ ለይተው በጆንያ ይመዝኑ። ጠዋት 20 ኪሎ ቆዳ ገብቶ ማታ 5 ኪሎ ቁርጥራጭ ከተሰበሰበ ሩቡ በመጥረጊያ ሄደ ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ያ ቆዳ እዚህ እስኪደርስ ብዙ ውኃ ፈሶበታል፣ ክሮም በሚባለው የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ ከሞጆም በመኪና መጥቷል፤ ሲጣል ያን ሁሉ ይዞ ነው የሚጣለው። ቆራጩ የጫማውን ምላስ ቅርጽ በሁለት ትልልቅ ቁራጮች መካከል ባለው ክፍተት አጋድሞ ቢያስገባ ጆንያው ሲቀል በሚዛኑ ላይ ይታያል።

አስቸጋሪው ከበር ውጭ ያለው ነው፤ ባለሙያዎቹ ስኮፕ ሦስት ይሉታል። ቆዳ ፋብሪካውን ለአንድ ቆዳ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጠቀም፣ ፍሳሹ ተጣርቶ የት እንደሚለቀቅ ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ «አልታወቀም» ብለው ይጻፉ። ዜሮ ግን እንዳይጽፉ፤ ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም።

ለማጓጓዣ ክብደትን በርቀት ያባዙ። ከጅቡቲ ወደብ በጭነት መኪና 900 ኪሎ ሜትር የመጣ 2 ቶን ሶል 1,800 ቶን ኪሎ ሜትር ነው፤ ለመነሻ ግምት ለአንድ ቶን ኪሎ ሜትር 100 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተብሎ ሲባዛ 180 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከሶሉ 4,000 ጥንድ ከወጣ ለአንዱ 45 ግራም ብቻ ነው፤ ከጄኔሬተሩ ሩብ ማለት ነው። ጭነቱ በኤሌክትሪኩ ባቡር ከመጣ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል።

ከብቱ ሲያድግ የለቀቀው ጋዝ ለቆዳው ይታሰብ ወይስ ለሥጋውና ለወተቱ ብቻ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የመረጡትን ከሒሳቡ ሥር በአንድ መስመር ያስፍሩ፤ በሚቀጥለው ወር ሐሳብዎን ከቀየሩ ያለፈውንም ወር በአዲሱ መንገድ እንደገና ያስሉ።