ፕሮግራሙ ጂፒዩውን እየተጠቀመ ነው? ሲያጣሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቪዲዮ ሲከፍቱ ፋኑ ይጮሃል፤ ገጹም ወደ ታች ሲያወርዱት ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጂፒዩውን (ስዕልና ቪዲዮ የሚሠራውን ክፍል) ሥራ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ማቀነባበሪያ) ተሸክሞት ነው። ማጣራቱ ከባድ አይደለም፤ ግን የት እንደሚያዩ ይወቁ።

የግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩው ያለበት) አለኝ ብሎ መተው። ካርድ ያለ ድራይቨር (ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ዋጋ የለውም። በተለይ ኮምፒውተሩን ፎርማት ካስደረጉ የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ይግቡ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ የካርዱ ድራይቨር እየሠራ አይደለም።

ማብሪያውን ማመን። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ የግራፊክስ አክስለሬሽን ማብሪያ አለ። መብራቱ ፈቃድ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ድራይቨሩ ካስቸገረ ክሮም ምንም ሳይነግርዎት ወደ ሲፒዩ ይዞራል፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። ስለዚህ አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክሮም://ጂፒዩ» ብለው ይክፈቱ። አናቱ ላይ በየሥራው ትይዩ «ሃርድዌር አክስለሬትድ» ወይም «ሶፍትዌር ኦንሊ» ይላል። ወረድ ብለው የ«ጂኤል ሬንደረር»ን መስመር ያንብቡ። «ስዊፍትሻደር» ወይም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ሬንደር ድራይቨር» ካለ ሁሉንም የሚስለው ሲፒዩው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ «አባውት፡ሰፖርት»ን እንዲሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ገብተው «ኮምፖዚቲንግ» የሚለውን ይዩ፤ «ዌብሬንደር» ብቻ ከሆነ ደህና ነው፣ አጠገቡ «ሶፍትዌር» ከተጨመረ አይደለም።

የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር «ጂፒዩ ፕሮሰስ» የሚል መስመር ያሳያል። እሱም አያታልልዎት። ስዊፍትሻደርም የሚሠራው እዚያው ውስጥ ነው።

ሥራ የፈታ ፕሮግራም መለካት። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩው ዜሮ ስላለ ብቻ አይደምድሙ። ዝም ብሎ የቆመ ገጽ የሚሳል ነገር የለውም። ቪዲዮ እያጫወቱ ወይም ገጹን እያንቀሳቀሱ ይዩት። ዓምዱ ከጠፋ የዓምዶቹ ርዕስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ጂፒዩ» እና «ጂፒዩ ኢንጂን»ን ያብሩ። ሁለተኛው የትኛው ካርድ፣ በየትኛው ክፍሉ እንደሚሠራ ይነግርዎታል፤ ሁለት ካርድ ላለው ላፕቶፕ ይሄ ወሳኝ ነው።

ቪዲዮንና ስዕልን አንድ ማድረግ። ገጹን ጂፒዩው እየሳለው ቪዲዮውን ሲፒዩው ሊፈታው ይችላል። ኤቪ1 የተባለው ኮዴክ (ቪዲዮ የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኢንቪዲያ ጂፎርስ ካርዶች ይህን ኮዴክ በሃርድዌር መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት ባለ 30 ተከታታዮች ናቸው። ካርድዎ ከዚያ የቆየ ከሆነ ሴቲንግ ቢነካኩ ለውጥ አያመጣም።

በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሌላ ኮምፒውተር በርቀት) ገብቶ መፈተሽ። የሚያዩት ውጤት ማሽኑ ፊት ተቀምጠው ከሚያዩት ሊለይ ይችላል። ከቻሉ እዚያው ሄደው ይዩት።