ቪጋን ከመሆናችሁ በፊት ምክንያታችሁን ለዩ

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለመተው አስባችኋል? ስለ ምግቡ ከማሰባችሁ በፊት ወረቀት አውጡና "ለምን?" ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። የሰው ምክንያት አትዋሱ፣ የመጀመሪያው ግብዣ ላይ ይከዳችኋል።

ምክንያታችሁ እንስሳት ከሆኑ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ብዙ ሰው ሥጋ ይተውና ወተት ላይ ይቆማል። ላም ግን ወተት የምትሰጠው ስትወልድ ነው፤ በትልልቅ የወተት እርባታዎች ጥጃው ብዙውን ጊዜ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ይለያል፣ በእንቁላል ምርት ደግሞ ወንዱ ጫጩት እንቁላል ስለማይጥል በብዙ አገር ገና በተፈለፈለ ቀን ይገደላል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቺዝ መተው አልከበደኝም።

ለአካባቢ ብላችሁ ከሆነ ከበሬና ከበግ ሥጋ ጀምሩ። የሚያመሰኩ እንስሳት ምድርን የሚያሞቅ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ የግጦሽ መሬትም ብዙ ይፈልጋሉ።

ለጤና ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ። "ቪጋን" ተብሎ የተጻፈበት ብስኩት ያው ብስኩት ነው። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ በርቱ።

ምክንያታችሁ የትኛውም ይሁን፣ ቫይታሚን ቢ12 እንዳትረሱ! ከዕፅዋት በበቂ መጠን ስለማይገኝ እንክብሉን ወይም ቫይታሚኑ የተጨመረበት ምግብ መውሰድ የግድ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ ክርክር ውስጥ አትግቡ። የጻፋችኋትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ንገሯቸው፣ ከዚያ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምግብ ሠርታችሁ አቅርቡላቸው።