ለአስፋልት ሞተር ሳይክል ምትክ ጎማ አመራረጥ

ሞተር ሳይክል መንገዱን የሚነካው ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጡ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝም፣ ኩርባ ሲታጠፍም፣ ዝናብ በመታው ኮብልስቶን ላይ ሲወጣም የአሽከርካሪውና የተሳፋሪው ደኅንነት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ጎማው ጥርስ ማማር ከመነጋገራችን በፊት፣ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የት እንደሆነ፣ ምን ያህል ጭነት እንደሚይዝና በምን ፍጥነት እንደሚነዳ በሐቅ መመለስ ያስፈልጋል።

የመልሱን ግማሽ የሚነግርዎ አሮጌው ጎማ ነውና ሳያስፈቱት በፊት በጥንቃቄ ይመልከቱት። መሃሉ ጠፍጥፎ ጎኖቹ ገና አዲስ ከመሰሉ ሞተሩ በአብዛኛው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይሄዳል ማለት ስለሆነ፣ መሃሉ ጠንከር፣ ጎኖቹ ለስለስ ካለ ላስቲክ የተሠራ ጎማ ይበጅዎታል። የፊት ጎማው ጥርሶች በአንድ በኩል ተበልተው በሌላው ከፍ ካሉ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የአየር ማነስ ወይም የሾክ አብዞርበር መድከም ነው፤ ይህ ሳይስተካከል የሚገባ አዲስ ጎማም በዚያው መንገድ ያልቃል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ይህ ምልክት በብዙ የሞተር ሳይክል ጎማዎች ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ እርጥብ መንገድን የመቆንጠጥ ኃይሉ ከዚያ አስቀድሞ ስለሚቀንስ ጀርመን በሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ትጠይቃለች። በእኔ እምነት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥርስ ክረምትን መጀመር ተገቢ አይደለም።

መጠኑን በተመለከተ ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ የወሰነውን መከተል ነው። ይህ ቁጥር በመመሪያው መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በካቴናው ሽፋን ወይም በኋላው ሹካ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። በትልልቅ ሞተሮች የፊት ጎማ ላይ 120/70 እና 17 የሚል ቢያነቡ፣ 120 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ያመለክታል፤ 17 በኢንች የተለካ የቸርኬው ዲያሜትር ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ግን 2.75-17 ወይም 3.00-18 የሚል የቆየ አጻጻፍ ይገኛል፤ በዚህኛው ስፋቱም በኢንች ነው። ወፍራም ጎማ ሞተሩን ግርማ ይሰጠዋል፣ መሬቱንም የበለጠ ይቆነጥጣል በሚል ከተወሰነው በላይ ሰፊ ጎማ የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ሲታሰር ግን ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተጨምቀው ቅርጹ ይለወጣል፤ ሞተሩ ለመታጠፍ ይከብዳል፤ ጎማው ከካቴናው፣ ከፓራፋንጎው ወይም ከሹካው ጋር ሊፋተግም ይችላል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥርና ፊደል የጭነትና የፍጥነት ልክ ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ ግራም ሳይሆን የሠንጠረዥ ቁጥር ነው፤ 47 ማለት 175 ኪሎ ግራም፣ 52 ማለት 200፣ 58 ማለት 236፣ 73 ማለት ደግሞ 365 ኪሎ ግራም ነው። ከላቲን ፊደላቱ ፒ በሰዓት እስከ 150፣ ኤች እስከ 210፣ ደብሊው እስከ 270 ኪሎ ሜትር የሚፈቅዱ ናቸው። አሽከርካሪው ያን ያህል ፍጥነት ባይነዳም ፋብሪካው ከጻፈው በታች መውረድ አይገባም። ዕቃ እያመላለሱ ለሚሠሩ ወገኖች ይህ በተለይ ትኩረት የሚሻ ነው፤ 3.00-18ን በመሰለ በአንድ ዓይነት መጠን ውስጥ 47 የተጻፈበትም፣ ተጠናክሮ የተሠራና 52 የተጻፈበትም ጎማ ስለሚገኝ፣ ከኋላ ሳጥን ጭኖ የሚውል ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

ጎማ በመደርደሪያ ላይ ሳለም ያረጃል። በጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2423 ማለት በ2023 ዓመተ ምሕረት በ24ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑን እባክዎ አይርሱ፤ በእኛ ሰኔ 2015 ማለት ነው። መጨረሻው 15 የሆነን ጎማ «የ2015 ነው» ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ገዥ ቢያንስ ሰባት ዓመት ያህል የቆየ ላስቲክ እንደ አዲስ ይገዛል። ብዙ አምራቾች ጎማው ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ደኅና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራሉ። ጎኑ ላይ ስንጥቅ የታየበትን ግን ዕድሜውን ሳይቆጥሩ ይተዉት።

ስለ ጥርሱ ዓይነት ትንሽ ልዘርዝር፤ ገዥዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ጉብ ጉብ ያለ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ጠንካራ ይመስላል፤ በጭቃና በኮረኮንች ላይም በእርግጥ ይረዳል። አስፋልት ላይ ግን መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስና ጥርሶቹ ራሳቸው ስለሚወላገዱ ፍሬን ሲያዝ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፤ በኩርባም ያንሸራትታል። በደረቅ አስፋልት የሚቆነጥጠው ላስቲኩ ነው፤ ቦዮቹ የሚያስፈልጉት ውሃውን ለማስወጣት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚያጋጥም ኮረኮንች ብሎ ስድስቱን ቀን በአስፋልት ላይ መቸገር ትክክል አይመስለኝም። ለውድድር የሚመረተው በጣም ለስላሳ ጎማም ቢሆን በደንብ የሚይዘው ከሞቀ በኋላ ነው፤ በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው ሳይሞቅ ይደርሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ለዕለታዊ ሥራና ለረጅም ጉዞ፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ ለሚወጣ፣ ለጉዞ ተብሎ የተሠራው መካከለኛ ጎማ የተሻለ ነው። ሚሽሊን፣ ፒሬሊ፣ ሜትዘለርና ብሪጅስቶን ለትልልቅ ሞተሮች፣ ኤም.አር.ኤፍ. እና ሲያት ደግሞ ለትንንሾቹ እንዲህ ዓይነት ጎማ ያመርታሉ።

ባለሽቦ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ጎማ ይፈልጋል፤ ውጭውን ሲቀይሩ ውስጡንም አብረው ይቀይሩ፤ ያረጀ የውስጥ ጎማ ስለሚሰፋ ይታጠፍና ይበሳል። የውስጥ ጎማ የማይፈልግ ከሆነ ቫልቩን ያስቀይሩ። የፊትና የኋላ ጎማዎች በአሠራር መጣጣም ስላለባቸው ፋብሪካው ካልፈቀደ በቀር አንዱን ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የተዘረጉ)፣ ሌላውን ባያስ (ክሮቹ በሰያፍ የተጠላለፉ) አያድርጉ።

ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ በጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ መዞሪያው አቅጣጫ መመልከቱን፣ ለሚዛን የተቀባች ነጥብ ካለችም ከቫልቩ ጎን መሆኗን ያረጋግጡ። ከመነሳትዎ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬኑን ደጋግመው ይያዙ፤ ጎማው ሲወልቅ የፍሬን ሸራዎቹ ወደኋላ ስለሚገፉ የመጀመሪያው አያያዝ ባዶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጎማ ገጹ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በኩርባ ላይ ማዘንበሉን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ድንገት ፍሬን ከመያዝና ነዳጅ ከመስጠት እየተቆጠቡ ይንዱ። በማግስቱም ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን ይለኩና በመመሪያው ልክ ያስተካክሉት።