ለባለሀብት የሚሰጠው የግብር እፎይታ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት የትርፍ ግብር አለመክፈል፣ ለአዲስ አበባ ጠቅሞ እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ?

መጀመሪያ ፎቅ መቁጠሩን ተው። ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ መስታወት በመስታወት ሆኗል፣ እሱ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ካልኩሌተር አውጣ።

የድርጅት ትርፍ ግብር እኛ አገር 30 በመቶ ነው። እንበልና አንድ ድርጅት በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ያተርፋል፣ የ5 ዓመት እፎይታም ተሰጠው። መንግሥት 15 ሚሊዮን ብር ተወለት ማለት ነው። 50 ሰው ከቀጠረ አንዱ የሥራ ቦታ 300 ሺህ ብር ወጣበት። ከሠራተኞቹ ደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር ቀንስለት፣ ፍርደ ገምድል አንሁን። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ እፎይታው ባይኖርስ አይመጣም ነበር? ገበያው፣ ባንኩ፣ ኤርፖርቱ እዚሁ አዲስ አበባ ስለሆነ ብዙው ለዚያ ሲል ይመጣል ባይ ነኝ።

የከተማውን ጤና ደግሞ በእግርህ ለካ። ካዛንቺስ «የሚከራይ ቢሮ» የሚል ባነር የሰቀሉትን ፎቆች መዝግብ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስና ያው ባነር ፀሐይ አንጥቶት እዚያው ካለ ምልክት አድርግበት። ደመወዝ ጨመረ ሲሉህ የጤፍንና የቤት ኪራይን ዋጋ ጎኑ አስቀምጥ። ዕድገት በመቶኛ ሲነገርህም የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልተቀነሰ ቁጥሩን እርሳው።