ሳርላን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳርላ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በዶርዶኝ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ ከመካከለኛው ዘመንና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉ የድንጋይ ቤቶቿን ጠብቃ ያቆየች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ፣ አንድን ሕንፃ ለይቶ ሳይሆን ጥንታዊውን ሰፈር በሙሉ ከመፍረስ እንዲጠብቅ ሲወጣ፣ ሳርላ ሕጉ በቅድሚያ ከተተገበረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ለዕረፍት ወደዚያ የሚሄዱ በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙውን ጊዜ ቅር ብሏቸው የሚመለሱት ከተማዋ የራሷ ሰዓትና ልማድ እንዳላት ሳያውቁ ስለሚሄዱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሳርላን እንደ መንገድ ላይ ማረፊያ ቆጥሮ በነሐሴ እኩለ ቀን መድረስ ነው። በዚያ ሰዓት የመኪና ማቆሚያው ይሞላል፤ ጠባቦቹ መተላለፊያዎችም በሰው ስለሚጨናነቁ ቆም ብሎ ቀና ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ቀና ካላሉ ደግሞ የከተማዋን ትልቁን ሀብት አያዩም፦ የጥንቶቹ ቤቶች ጣሪያ በተደራረበ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ የተከደነ ሲሆን፣ የድንጋዩን ከባድ ሸክም ወደ ግድግዳው ለማሳለፍ ሲባል በጣም ቀጥ ያለ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ይደሩ። ማለዳ ጎብኚው ሳይበዛ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ፀሐይ አዘቅዝቃ ድንጋዩ የማር መልክ ሲይዝ የሚያዩት ከተማ በቀትር ከሚያዩት ፈጽሞ የተለየ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌውን ከተማ ለሁለት ሰንጥቆ በተሠራው ቀጥተኛ ጎዳና፣ በሪፐብሊክ መንገድ፣ ብቻ ተመላልሶ መመለስም ብዙ ያስቀራል። ከጎዳናው በስተ ምሥራቅ፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ የሞንታኝ ወዳጅ የነበረው ጸሐፊ ኤትየን ደ ላ ቦኤሲ እ.ኤ.አ. በ1530 የተወለደበት ቤት ይገኛል፤ የመስኮቶቹን ዙሪያ የሞላውን ቅርጽ ቀርበው ይዩት። በስተ ምዕራብ ያለው ዳገታማ ሰፈር ጎብኚ ስለማይበዛበት በእርጋታ ለመሄድ ይመቻል።

ሦስተኛው ስህተት የገበያውን ቀን ሳያጣሩ መሄድ ነው። የሳርላ ገበያ የሚቆመው ረቡዕና ቅዳሜ ሲሆን፣ የምግቡ ገበያ ጠዋት ስለሆነ አርፍደው ከደረሱ ሻጮቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ነው የሚያገኟቸው። በቀድሞዋ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የተሸፈነ ገበያ ግን በሌሎች ቀኖችም ይከፈታል። የዚህን ሕንፃ ግዙፍ የብረት በሮች የነደፈው በልጅነቱ በሳርላ ያደገው አርክቴክት ዣን ኑቬል ነው።

ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በአብዛኛው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው። በ9 ሰዓት ምሳ የሚፈልግ ሰው ብዙ ቦታ ተዘግቶ ያገኘዋል። ወደ ሱቅ ሲገቡ «ቦንዡር» ሳይሉ ዋጋ መጠየቅም እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ለሚጾሙ ሰዎች ይህ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፍልሰታ ጾም፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ከዕረፍቱ ወቅት ጋር ይገጥማል፤ የአካባቢው ምግብ ደግሞ በዳክዬና በዝይ ላይ የተመሠረተ ነው። በከተማዋ ስም የሚጠራው የድንች ጥብስ በነጭ ሽንኩርትና በፐርስሊ ተሠርቶ ሲቀርብ የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው። አትክልቱ በምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ አይዘዙ። ከገበያው ፍራፍሬ፣ ዳቦና አካባቢው የሚታወቅበትን የዋልነት ዘይት ገዝቶ ራስን ማስተናገድ ይሻላል። ፈረንሳዮች የእመቤታችንን የዕርገት በዓል የሚያከብሩት ኦገስት 15 ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ዝግ መሆናቸውንም ያስቡበት።

በመጨረሻም፣ ከሳርላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው፣ በቅድመ ታሪክ ሰዎች የግድግዳ ሥዕሎች ወደሚታወቀው የላስኮ ዋሻ የሚሄዱ ሰዎች እውነተኛውን ዋሻ የሚያዩ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኘው ዋሻ የጎብኚዎች ትንፋሽና እርጥበት ሥዕሎቹን ማበላሸት በመጀመሩ ከ1963 ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ ነው፤ የሚጎበኘው በ2016 መጨረሻ የተከፈተው ሙሉ ቅጂ ነው። ቅጂ ነው ብለው ግን አይተዉት፤ የበሬዎቹና የፈረሶቹ ሥዕል በግድግዳው እብጠትና ጉድጓድ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በግልጽ ያሳያል። መግቢያው በሰዓት የተመደበ ስለሆነ ትኬቱን ከቀናት በፊት ይግዙ፤ የሕዝብ ትራንስፖርቱም ውስን ስለሆነ መጓጓዣዎን አብረው ያዘጋጁ።