ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን ለማደን፦ መጀመሪያ መሬቱን፣ ከዚያ ጠመንጃውን

ኖቬምበር ሲቃረብ ስልኬ ማረፊያ የለውም። "ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጠመንጃ ልግዛ?" ይሉኛል ልጆቹ። እኔ ደግሞ "የት መሬት ላይ ልትቆም ነው?" እላለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የአደን ሕግ እንደ መሬቱ ይለያያል። ቀኑም፣ መሣሪያውም፣ ባለቀንዱን ነው ሴቷን የምትመታው የሚለውም ከመሬቱ ይነሳል። ስለዚህ ጠመንጃውን ለጊዜው ተዉት።

ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው፤ ዲደብሊውአር ይሉታል። ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የአዳኞች ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ኦንላይን ይወሰዳል። ኮርሱን ሳትጨርሱ መሞከር ከፈለጋችሁ የተለማማጅ ፈቃድ አለ፤ ግን ፈቃድ ያለው አዋቂ ከአጠገባችሁ መጥፋት የለበትም። ከዋናው ፈቃድ ሌላ የአጋዘንና የተርኪ (የዱር ቱርክ ዶሮ) ፈቃድ ለብቻው ይገዛል። ለነዋሪ ሁለቱም ውድ አይደሉም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛት ይችላል። በቪዛ ያለ ሰው ግን የፌዴራሉ ሕግ ሌላ ስለሆነ፣ ጠበቃ ሳያማክር የጓደኛውን ጠመንጃ እንኳ ባይነካ ይሻለዋል።

አሁን ወደ መሬቱ። "የሕዝብ መሬት ከሆነ የሁላችንም አይደል እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ነው፤ ግን የሕዝብ መሬት ብዙ ዓይነት ነው። የዲደብሊውአር የራሱ የዱር እንስሳት ይዞታዎች ላይ የአደን ፈቃዳችሁ ይበቃል። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ለመግባት ግን በጥቂት ዶላር ሌላ ፈቃድ ይጨመራል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ማደን ጭራሽ ክልክል ነው። ስልካችሁ ካርታ ላይ ደኑም ፓርኩም አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ አይቶ መግባት ፍርድ ቤት ያደርሳል። የአደን ካርታ አፕ አውርዱና ድንበሩን ቤታችሁ ሆናችሁ አጥኑ። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም።

እሑድ ማደን ድሮ አይፈቀድም ነበር። በ2014 በግል መሬት ተፈቀደ፣ በ2022 ደግሞ የሕዝብ መሬት ተጨመረ። ከአምልኮ ቦታ በ200 ያርድ ውስጥ ግን አይቻልም። እኔ እሑድ ቅዳሴ ስላለብኝ ሕጉ ሲለወጥ ብዙም አልሞቀኝም።

የግል መሬት ባለቤቱን ማስፈቀድ ይጠይቃል። "ማደን ክልክል ነው" የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ምልክት ባይኖርም እኔ በጽሑፍ ነው የምወስደው፤ ኪሴ ውስጥ ካለ ከጎረቤትም ከፖሊስም ጋር ክርክር የለም። የምትጠይቁት በአሜሪካ በጋ፣ በሰመር ነው፤ ገበሬው አኩሪ አተሩን አጋዘን ሲበላበት እያየ በሚናደድበት ሰዓት። የወታደር የሚመስል ልብስ ለብሳችሁ በር አታንኳኩ። ስማችሁን፣ መኪናችሁን፣ የምትመጡበትን ቀን ንገሩት። ሴቶቹን ለመምታት እንደመጣችሁም ንገሩት፤ ደስ የሚለው እሱ ነው። እኔ በዓመቱ ስመለስ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። አሁን አዝመራው ሲደርስ ራሱ ይደውላል።

የመታችሁት አጋዘን አጥር ዘሎ ጎረቤት መሬት ቢወድቅ ተከትላችሁ እንዳትገቡ፤ እንደገና ማስፈቀድ ነው። የሚገርመው፣ የጠፋ የአደን ውሻን ለመፈለግ ያለ መሣሪያ መግባት ሕጉ ይፈቅዳል። ለአጋዘኑ አይፈቅድም።

ሴቷን ለምን? በ1931 ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረው አጋዘን 25,000 ገደማ ነበር ይባላል። ዛሬ ወደ ሚሊዮን ተጠግቷል። አንድ ባለቀንድ ብዙ ሴቶችን ስለሚያስረግዝ ወንዱን መግደል ቁጥሩን አይቀንሰውም። የኛ ሰው ደግሞ ቀንድ ይወዳል፣ ፎቶ ይወዳል። ፌርፋክስ፣ ላውደንና ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎች ላይ ይሄ አይሠራም፤ ሁለተኛ ባለቀንድ ለመምታት መጀመሪያ ቀንድ የሌለው መምታት ግዴታ ነው። ስንት እንደሆነ የዘንድሮውን የሕግ መጽሔት እዩ፤ በየዓመቱ ይታተማል። ብሔራዊ ደኑ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ አርጅቶ መኖ ስለሌለ አጋዘኑ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሴት የሚመታበት ቀን ውስን ነው።

ሴት ነው ብላችሁ የዘንድሮውን ወንድ ግልገል እንዳትመቱ ተጠንቀቁ። ቀንዱ ገና ከቆዳው ሥር ጉብ ያለ ነው፣ ከሩቅ አይታይም። ጭንቅላቱን እዩ፤ በጆሮዎቹ መካከል ጠፍጣፋ ከሆነ ወንድ ነው፣ የሴቷ ክብ ይላል። የትልቋ ሴት ገላ ረዘም ይላል፣ አፍንጫዋም ረጅም ነው። ብቻውን ቀድሞ ሜዳ የሚወጣውን አትመኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልበሰለው ወንድ እሱ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው እስኪወጡ ጠብቁና አስተያዩ።

የቀረውን ባጭሩ። የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በጠመንጃው ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ኮፍያ ወይም ሰደርያ ግዴታ ነው፤ አብሯችሁ ለሚሄደውም ጭምር። ጠመንጃው ራይፍል ከሆነ ካሊበሩ (የጥይቱ ውፍረት በኢንች) ከ.23 ማነስ የለበትም፤ ራይፍል የሚከለክሉ ካውንቲዎችም አሉ። በቆሎ አፍስሶ ማጥመድ ሜሪላንድ በግል መሬት ላይ ይቻላል፣ እዚህ ግን ክልክል ነው። ጠመንጃ የማትፈልጉ ከሆነ የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮች ውስጥ በቀስት የሚታደንበት ፕሮግራም አለ። የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል፣ ተኩሳችሁም ይፈተናል፤ የምትገቡትም በቡድን ነው።

ከወደቀ በኋላ ከቦታው ሳታንቀሳቅሱት ፈቃዱ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በአፕ ወይም በስልክ አስመዝግባችሁ የማረጋገጫ ቁጥር ያዙ። ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ። ሥጋውን መስጠት ይቻላል፣ መሸጥ ግን ወንጀል ነው። ቅርጫ ብላችሁ ገንዘብ እንዳታሰባስቡ፤ ሕጉ ቅርጫን አያውቅም፣ ሽያጭን ነው የሚያውቀው። የተረፋችሁን ለተቸገሩ የሚያደርስ "ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ" የሚባል ድርጅት አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም፤ በጥሬው አይበላም። ክትፎም ቁርጥም የለም። በጥሬ የአጋዘን ሥጋ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በዚያ ላይ ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘን አእምሮ በሽታ ፍሬድሪክ ካውንቲ ከተገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወደ ሌሎች ካውንቲዎችም ተስፋፍቷል። ሰው መያዙ እስካሁን አልታየም፣ ግን በማብሰል አይጠፋም። የበሽታ ክልል ውስጥ ካደናችሁ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ቁራጭ ጋር ለምርመራ አስረክቡ። ሙሉውን ሬሳ ጭናችሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት እንዳትሄዱ፤ አጥንቱ የወጣለት ሥጋ ነው የሚሻገረው።

ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ለጿሚ ችግር የለውም፤ ሥጋውን በየብልቱ ቆራርጦ፣ ስም ጽፎ ፍሪዘር ማስገባት ነው። በጥይት የወደቀ ይበላል አይበላም የሚለውን ንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፣ እኔ አልገባበትም። ውጤቱ ንጹሕ ነው ከተባለ ለገና ጥብስ ይሆናል። ሥጋው ጮማ የለውምና ቅቤ አትሰስቱ።