ፔሪዮዲክ ቴብላችሁ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ? ችግሩና መፍትሄው

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ ደሴ ፒያሳ ሄጄ ላሚኔት የተደረገ ፔሪዮዲክ ቴብል (የኤለመንቶች ሰንጠረዥ) ገዛሁላት፣ ጥጉ ላይ 2014 ይላል፣ አዲስ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ማታ ስታጠና "ጋሼ ይሄ ባለ ሦስት ፊደሉ ምንድነው፣ ቲቸር ሲምቦል ከሁለት ፊደል አይበልጥም ብሎናል" አለችኝ። ልጅቷ ልክ ናት፣ ሰንጠረዡ አሮጌ ነው፣ 2014ቱ የፈረንጅ ነው፣ በኛ 2006 ወይ 2007 መሆኑ ነው። ስለዚህ ዓመተ ምህረቱን አይታችሁ አትግዙ።

ዋናው ምልክት ከታች በቀኝ ጥግ ነው። በዩ ዩ የሚጀምሩ ባለ ሦስት ፊደል ሲምቦሎች ካሉ ሰንጠረዡ የተሰራው ኤለመንቶቹ ስም ሳይወጣላቸው ነው ማለት ነው፣ ስም እስኪጸድቅ ድረስ ሰንጠረዡ ላይ ባለው ተራ ቁጥራቸው (አቶሚክ ነምበር) ነው የሚጠሩት፣ 118 ኡንኡንኦክቲየም ይባል ነበር፣ አንድ አንድ ስምንት እንደማለት። አይዩፓክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ማህበር ለ113 ኒሆኒየም፣ ለ115 ሞስኮቪየም፣ ለ117 ቴነሲን፣ ለ118 ኦጋኔሶን ብሎ ያጸደቀው እ.ኤ.አ ኖቬምበር 28/2016 ነው፣ በኛ ህዳር 19/2009። ስትገዙ ጣታችሁን 118 ላይ አድርጉ፣ ኦጋኔሶን ካላለ ይቅርባችሁ። 109 ላይ የሚቆም ካጋጠማችሁማ በጣም የቆየ ነው፣ 110 ስም ያገኘው እንኳን በ2003 እ.ኤ.አ ነው።

አቶሚክ ማሱ (የአቶሙ ክብደት) ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ካለ አትደንግጡ። ዚንክ አንዱ ላይ 65.39 ሌላው ላይ 65.38 ነው፣ ልኬቱ እየጠራ ሲሄድ ቁጥሩ ይስተካከላል። ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ከ1.0078 እስከ 1.0082 ተብሎ በሁለት ቁጥር ይጻፋል፣ ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ የአይሶቶፖቹ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ኤለመንት ዓይነቶች) መጠን ሃይድሮጅኑ እንደመጣበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ለሂሳብ 1.008 በቂ ነው፣ ፈተና ላይ ግን የተሰጣችሁን ቁጥር ተጠቀሙ።

ግሩፑ (ከላይ ወደታች ያለው ረድፍ) 13 ይሁን ሦስት ኤ የአዲስና የአሮጌ ጉዳይ አይደለም፣ ሁለቱም አጻጻፍ አለ።

አዲሱን የምታገኙት ከራሱ ከአይዩፓክ ድረገጽ ነው፣ ፒዲኤፉ በነጻ ነው፣ የሜይ 4/2022 እ.ኤ.አ የሚለውን አውርዱ፣ ቀኑ እዛው ላይ ተጽፏል። ኔትወርክ ሲኖር ፍላሽ ላይ አስቀምጡትና ፎቶኮፒ ቤት ከፍላሹ በኤ3 ይታተምላችሁ፣ ስክሪንሾት ወይ የኮፒ ኮፒ ከሆነ ቀለም ያለባቸው ሳጥኖች ጥቁር ይሆኑና ቁጥሩ አይነበብም።

የገዛችሁትንም አትጣሉት። እኛ ነጭ ፕላስተር በሳጥኑ ልክ ቆርጠን አራቱ ላይ ለጠፍንና እሷ በእስክሪብቶ ኤን ኤች፣ ኤም ሲ፣ ቲ ኤስ፣ ኦ ጂ ብላ ጻፈችበት፣ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ሁለተኛው ትንሽ፣ አሁንም በሱ ነው የምታጠናው።